ጎረቤት የተጠጋውን አሮጌ መሥሪያ ቤት ማፍረስ

የመንግሥት ሕንፃ ተለቆ ቁልፉ ለጥበቃ ሲሰጥ በወረቀት ባዶ ይባላል። አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ሆኖ የከረመ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ግን ማታ የሚያድርበት ሰው አያጣም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ ክፍል በክፍል መዞር ነው፤ አንዴ በቀን፣ አንዴ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ። ምድር ቤቱ፣ የደረጃው ሥር፣ ከኮርኒስ በላይ ያለው ቦታ ሳይቀር ይታይ። ካርቶን፣ ብርድ ልብስ ወይም የእሳት አመድ ካገኛችሁ ሰዎቹን አነጋግሩ፤ ከወረዳው ጋር ሆናችሁ ማረፊያ እስኪገኝላቸው ሥራው ይቆይ። ማፍረሱ ከተጀመረ በኋላም ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት በየጠዋቱ ይኸው ዙር ይደገማል።

የወረቀቱ ነገር ብዙ አያስወራም። የማፍረሻ ፈቃድ፣ ሕንፃው በቅርስነት ያልተመዘገበ ስለመሆኑ ማረጋገጫ፣ የሚወጣው በር፣ መስኮት፣ ቆርቆሮና ፌሮ ለማን እንደሚሄድ የሚገልጽ ደብዳቤ። ይህ ሦስተኛው የንብረት ክፍል ጣጣ ይመስላል፤ ሰው የሚሞተው ግን ብዙ ጊዜ በእሱ በኩል ነው። ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

ምን ምንን እንደተሸከመ ማወቅ

መሐንዲሱ የድሮውን ፕላን ካገኘ እሰየው፤ ግን አይመነው። ባለፉት ዓመታት አንዱ ኃላፊ ቢሮውን ለማስፋት ግድግዳ አስፈርሷል፣ ሌላው ጣሪያው ላይ ሮቶ አስቀምጧል። የቆዩት የድንጋይ ቤቶች ግድግዳቸው ራሱ ተሸካሚ ነው። በኋላ የመጡት የአርማታ ሕንፃዎች ክብደታቸውን በኮለንና በቢም ያወርዳሉ፤ ብሎኬቱ መሙያ ነው። ሁለቱ የሚፈርሱበት መንገድ አንድ አይደለም።

ድንጋዩን ምን እንዳያያዘው ለማወቅ ልስኑን ትንሽ ላጥ አድርጋችሁ በድንጋዮቹ መካከል ያለውን በሚስማር ቧጥጡት። ሲሚንቶ ከሆነ ሚስማሩ ይንሸራተታል፤ ጭቃ ከሆነ እንደ ዱቄት ይራገፋል። በጭቃ የተያያዘ ግድግዳ ክብደት ከላይ ሲጫነው ለዘመናት ይቆማል፤ ጣሪያው ተነስቶለት አንድ ጥሩ ዝናብ ከመታው ግን በማግስቱ ሊተኛ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቤት በክረምት አታፍርሱ፤ ከጥቅምት ወዲህ ያለው ደረቅ ወቅት ይመረጣል።

ቀጥሎ ጎረቤት። በግራና በቀኝ ያሉትን ቤቶች ባለቤቶቹ ባሉበት ከውስጥም ከውጭም ፎቶ አንሱ። ስንጥቅ ባለበት ቦታ ላይ ተሻግሮ የሚለጠፍ የመዳፍ ያህል ጀሶ አድርጉና ቀኑን ጻፉበት። ጀሶ አይለጠጥም፤ ግድግዳው ትንሽ ቢንቀሳቀስ እሱም ይሰነጠቃል። ፎርማኑ ጠዋትና ማታ ያየዋል፤ ከተሰነጠቀ ሥራው ቆሞ መሐንዲሱ ይጠራል። ዋጋው የጥቂት ጆንያ ጀሶ ነው፤ በኋላ «ቤቴን አፈረሳችሁት» የሚል ክስ ሲመጣ ደግሞ ከማንኛውም ሪፖርት የተሻለ ማስረጃ ይሆናል።

መስመሮቹ

መብራት ከቆጣሪው ሳይሆን ከምሰሶው ይቆረጥ። ከአሮጌ መሥሪያ ቤት መስመር ስቦ የሚጠቀም ሱቅ ወይም የጥበቃ ቤት ብዙ ጊዜ ስለሚኖር ከተቆረጠ በኋላም የኤሌክትሪክ ባለሙያ እያንዳንዱን ሽቦ በመሣሪያ ይፈትሽ። ውሃው ይዘጋ፤ ለአቧራ ማብረጃ ግን አንድ መስመር ከሕንፃው ውጭ አስቀሩ። የስልክ ገመዱንም አትርሱ፤ ሰፈሩን ሁሉ የሚያገናኘው በዚያ ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለው ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ የሚረሳው ሴፕቲክ ታንኩ ነው። ክዳኑ በሣር ተሸፍኖ ማንም አያየውም፤ ኤክስካቫተር ሲወጣበት ግን ይደረመሳል። ፈልጉት፣ አስመጥጡት፣ በድንጋይና በአፈር ሙሉት። ጋዙ ስለሚገድል «ውስጡን ልየው» ብሎ የሚወርድ ሰው አይኑር።

ከማፍረስ በፊት የሚወጣ

ጣሪያው ወይም ቧንቧው ኢተርኒት ከሆነ አስቤስቶስ አለበት ብላችሁ ተነሱ። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ገብቶ በሽታው ከአሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ስለሚገለጥ ሠራተኛው ዛሬ ምንም አይሰማውም። ውሃ እየረጫችሁ፣ ብሎኑን እየፈታችሁ ሳትሰብሩ አውርዱት፤ በወፍራም ፕላስቲክ ሁለቴ ጠቅልላችሁ ከሌላው ፍርስራሽ ለዩት። የጨርቅ ማስክ አይበቃም፤ ኤፍኤፍፒ3 የሚባለው ያስፈልጋል። በዚህ ጣሪያ ላይ በቀጥታ መራመድ ክልክል ነው፤ ያረጀ ኢተርኒት ሰው አይሸከምም። የሚቆመው ከታች በተደገፈ ጣውላ ላይ ነው። የፍሎረሰንት አምፖሎችም ሜርኩሪ ስላላቸው ሳይሰበሩ ይውጡ።

አሁን ወደ ንብረቱ እንመለስ። በር፣ መስኮት፣ ኮርኒስ፣ የመጸዳጃ ዕቃ መጀመሪያ ሊወጣ ይችላል፤ እነዚህ ምንም አልተሸከሙም። የወለሉ ወራጅ፣ የጣሪያው እንጨት፣ በሶሌታው ውስጥ ያለው ፌሮ ግን ግድግዳዎቹን እርስ በርስ የያዙ ናቸው። በአሜሪካ ፊላዴልፊያ በሚፈርስ ባለ 4 ወለል ባዶ ሕንፃ ላይ ሊሸጡ የሚችሉ ወራጆች ቀድመው ወጡ፤ የጎን ግድግዳው ያለ ድጋፍ ቀረ። ሰኔ 5 ቀን 2013 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ግድግዳው አጠገቡ ባለው ዝቅ ያለ ሱቅ ላይ ወደቀ። ሱቁ ክፍት ነበር፤ በአደጋው 7 ሰዎች ሞቱ፤ ተቋራጩም እስር ቤት ገባ። እኛም ጋ ኮንትራክተሩ የማፍረሻ ዋጋውን ዝቅ አድርጎ «ዕቃውን እኔ ልውሰድ» ሲል ሐሳቡ ያለው ፌሮው ላይ ነው። ስለዚህ ውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ፦ የወለል ተሸካሚ የሆነ ነገር ከመሐንዲሱ ፊርማ ውጭ አይነካም፤ ፌሮ የሚለቀመው ሶሌታው መሬት ከደረሰ በኋላ ብቻ ነው።

ከላይ ወደ ታች

ቅደም ተከተሉ የተሠራበት ተገላቢጦሽ ነው፦ ጣሪያ፣ ከዚያ የላይኛው ወለል ግድግዳ፣ ከዚያ ሶሌታው፣ ከዚያ ቢሙ፣ በመጨረሻ ኮለኑ፤ አንዱ ወለል ሳያልቅ ወደ ታችኛው አይወረድም። ግድግዳ ወደ ውስጥ ይወድቃል እንጂ ወደ መንገድ ወይም ወደ ጎረቤት አይገፋም። ማታ ሥራ ሲቆም ከአንድ ወለል በላይ የሆነ ብቻውን የቆመ ግድግዳ መኖር የለበትም፤ ካለ ይደገፋል፣ ካልተደገፈ ሠራተኛው ወደ ቤቱ አይሄድም።

ሒሳብ ሳይሠሩ ወለል ላይ ፍርስራሽ የመከመር ልማድ አለ። የቢሮ ወለል በአብዛኛው የሚታሰበው በካሬ ሜትር ከ250 እስከ 300 ኪሎ ግራም ተጨማሪ ጭነት እንዲሸከም ነው። የተፈረካከሰ ድንጋይና አርማታ ደግሞ በሜትር ኩብ 1.5 ቶን ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ 20 ሴንቲ ሜትር፣ አንድ ስንዝር ያህል ከፍታ ያለው ክምር ብቻውን ያን አቅም ይጨርሰዋል፤ ያረጀው ወለል ከዚያም በታች ነው። ፍርስራሹ በየሰዓቱ በተሸፈነ መውረጃ ወደ ታች ይውረድ።

ሕንፃው ከጎረቤት ጋር ተጣብቆ ከሆነ በመካከል ያለውን ሁለት ሜትር ያህል በእጅ፣ በመዶሻና በዲጂኖ ለዩት። ኤክስካቫተሩ የሚገባው ክፍተቱ ከታየ በኋላ ነው። ክንዱ እስከ ሕንፃው ጫፍ ካልደረሰ ሌላ ማሽን አምጡ። ኮለኑን ከሥር መትቶ ሕንፃውን መጣል ጊዜ የሚያተርፍ ይመስላል፤ ወዴት እንደሚወድቅ ግን ኦፕሬተሩም አያውቅም።

አጥርና ተመልካች

የቆርቆሮ አጥር ሰው ያግዳል፤ ግድግዳ አያግድም። የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት መለኪያ ጠቃሚ ነው፦ ሊወድቅ ከሚችል ሕንፃ ቁመቱን አንድ ተኩል ጊዜ ራቁ። 12 ሜትር ከሆነ 18 ሜትር ማለት ነው። በእኛ ሰፈር 18 ሜትር የሰው ማድቤት ውስጥ ያስገባል፤ ስለዚህ የጎን ግድግዳው በሚወርድበት ቀን ቤተሰቡ ሌላ ቦታ ይዋል፣ ሱቁ ይዘጋ፣ የቀኑ ገቢም ከፕሮጀክቱ ይከፈል። ይህን ወጪ የማይመዘግብ በጀት አትቀበሉ።

ፈንጂ ለሚያምራቸው ደግሞ፣ በአውስትራሊያ ካንቤራ ሐምሌ 13 ቀን 1997 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የተለቀቀ ሆስፒታል በፈንጂ ሲፈርስ ሕዝቡ እንደ ትርዒት እንዲያየው ተጋብዞ ነበር። ከ400 ሜትር በላይ ርቃ የቆመች የ12 ዓመት ልጅ በተወረወረ ብረት ሞተች። ጠባብ ሰፈር ውስጥ ፈንጂ አይታሰብ።

አቧራን በተመለከተ ውሃው የሚረጨው መዶሻው በሚያርፍበት ነጥብ ላይ ነው። ግድግዳውን ሙሉ ማራስ፣ በተለይ የጭቃውን፣ አደጋ መጥራት ነው።

ቦታው ከጸዳ በኋላ መሠረቱን ለማውጣት አትቸኩሉ፤ የጎረቤቱ መሠረት በእሱ ላይ ተደግፎ ሊሆን ይችላል። በሥራው ምክንያት የተጋለጠው የጎረቤት ግድግዳ ደግሞ ዝናብ አይቶ አያውቅም፤ ከሰኔ በፊት አስለስኑት፣ ውሃው ከሥሩ ራቅ ብሎ እንዲፈስ ቦይ አስወጡ፤ ጀሶዎቹንም እስከ መስከረም ድረስ ተከታተሉ።