ጌኮ የሚባለውን እንሽላሊት በሣጥን ስለ ማኖርና ስለ ሙቀቱ ልክ

እንስሳት ሁሉ የሰውነታቸውን ሙቀት የሚያገኙበት መንገድ አንድ ዐይነት አይደለም። ሰው፥ ላምና ዶሮ ከሚበሉት ምግብ ሙቀትን በውስጣቸው ያበጃሉ፤ ስለዚህ በደጋም ቢሆኑ በቆላ ሙቀታቸው ብዙ አይለዋወጥም። የጤነኛ ሰው ሙቀት ወደ 37 ዲግሪ፥ የላም ወደ 38 ተኩል፥ የዶሮ ወደ 41 ዲግሪ ነው። ይህ ልክ የስዊድን አገር ሊቅ አንድርስ ሴልሲየስ በ1742 ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ካወጣው የመጣ ነው፤ ውሃ በረዶ የሚሆንበት 0፥ በባሕር ዳርቻ የሚፈላበት 100 ተብሎ ይቈጠራል። ሴልሲየስ ራሱ አስቀድሞ የጻፈው ተገልብጦ ነበር፤ የፈላውን 0፥ የበረደውን 100 ብሎት ነበርና ከእርሱ በኋላ የመጡት አቀኑት።

እባብ፥ ኤሊ፥ አዞና እንሽላሊት ግን ሙቀትን ከፀሐይ፥ ከድንጋይና ከአፈር ይወስዳሉ። እንሽላሊት ማለዳ በድንጋይ ላይ ተዘርግቶ መታየቱ ስንፍና አይደለም፤ ሰውነቱ ካልሞቀ እግሩ አይታዘዝለትም፥ የበላውም አይፈጭለትም። በሞቀው ጊዜ ተነሥቶ ወደ ጥላ ይገባል፤ ሲበርደው ይመለሳል። ሙቀቱን በልክ የሚጠብቀው በዚህ መመላለስ ነው። እንግዲህ ሰው እንዲህ ያለውን ፍጥረት በሣጥን ቢዘጋበት መንገዱን ወስዶበታልና፥ ፀሐዩንም ጥላውንም በሣጥኑ ውስጥ ማዘጋጀት የዘጊው ዕዳ ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ብዙ ቤተ ሰብ ነብርማ ጌኮ የተባለውን እንሽላሊት እንደ ድመት በቤቱ ያኖራል። ይህን የሚሰሙ ሽማግሎች ይሥቁ ይሆናል። እንሽላሊትን መርዘኛ ነው ብሎ የሚሸሽ ሰውም በብዙ አገር አለ፤ ጌኮ ግን መርዝ የለውም። የነብርማ ጌኮ አገሩ አፍጋኒስታን፥ ፓኪስታንና የህንድ ሰሜን ምዕራብ ነው፤ ኤድዋርድ ብላይዝ የተባለ እንግሊዛዊ በ1854 ዓመት በአውሮፓ አቆጣጠር ስለ እርሱ ጽፎ የሊቃውንት ስም አወጣለት። ርዝመቱ ከነጅራቱ ከ20 እስከ 25 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ቆዳው ቢጫ ሆኖ ጥቁር ነጥብ አለበት። ከሌሎቹ ጌኮዎች ከብዙዎቹ የሚለየው የዐይን ቆብ ስላለውና በለስላሳ ግድግዳ ላይ መውጣት ስለማይችል ነው። ስቡንም እንደ በግ ላት በጅራቱ ያከማቻል። ቀን ከድንጋይ ሥር ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ወጥቶ ፌንጣና ትል ያድናል። ስለዚህ ሙቀትን ከላይ ከፀሐይ ብቻ ሳይሆን ፀሐይ ካሞቀው ድንጋይ በሆዱ በኩል መቀበል ልማዱ ነው።

ሣጥኑ እንዲህ ይሰናዳል። በአንደኛው ጫፍ ከወለሉ በታች የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይዘረጋል፤ ስፋቱም ከወለሉ ሲሶ አይበልጥም። በዚያ ጫፍ የወለሉ ሙቀት ከ31 እስከ 33 ዲግሪ፥ በሌላው ጫፍ ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ይሁን። ሌሊት እስከ 20 ዲግሪ ቢወርድ ጤነኛውን ጌኮ አይጎዳውም። በሁለቱም ጫፍ መሸሸጊያ ያስፈልጋል፤ መሸሸጊያው በሙቁ በኩል ብቻ ከሆነ እንስሳው መደበቅ ሲፈልግ በግድ ይሞቃል፥ መብረድ ሲፈልግ በግድ ይገለጣል።

ጥፋት የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ከርኅራኄ ነው። በብርድ አገር በበረዶ ወራት አንድ ልጅ እጁን በወለሉ ላይ አኑሮ፥ «አባባ፥ አይሞቅም እኮ» ይላል። አባትየውም መዳፉን አድርጎ፥ «እውነትህን ነው ልጄ፥ ሳይበርደው አልቀረም» ብሎ ማሞቂያውን ከፍ ያደርጋል። መዳፋቸው ሙቅ ነው እስኪል ድረስም ይጨምራሉ። ከጥቂት ቀን በኋላ የጌኮው ሆድ ይቀላል፥ ቆዳውም ይላጣል። እንስሳው ወለሉ ሲያቃጥለው ሳይነሣ የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው፤ አይጮኽምም። አባትና ልጅ ያዩት ሁሉ በሙቁ ቦታ ጸጥ ብሎ መተኛቱን ነውና ደስ ያለው መስሏቸው ነበር።

እጅ እንዲህ የሚያሳስትበት ምክንያት አለው። የሰው መዳፍ ቆዳ በሞቀ ቤት ብዙ ጊዜ ከ32 እስከ 34 ዲግሪ ነው፤ ለጌኮ የሚስማማው ወለልም ከዚሁ ጋራ የተካከለ ነው። እኩል የሆኑ ሁለት ነገሮች ሲነካኩ አንዱ ለሌላው ሙቀት አይሰጥም፤ ስለዚህ መልካሙ ወለል ለእጅ ሙቅም ብርድም ሆኖ አይሰማም። ለእጅ ጥሩ ሙቀት መስሎ የሚሰማው ለእንስሳው ያለፈ ነው። የሰው ቆዳ እንኳ በ44 ዲግሪ ላይ ለብዙ ሰዓት ቢቆይ ይቃጠላል።

ይህን ጌኮ በሌለበት ትምህርት ቤትም ማሳየት ይቻላል። መምህሩ ሦስት ገበቴ ያቅርብ፤ በአንዱ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃ፥ በአንዱ ቀዝቃዛ፥ በመካከለኛው ለብ ያለ ውሃ ይሁን። ተማሪው ቀኝ እጁን በሙቁ፥ ግራ እጁን በቀዝቃዛው አንድ ደቂቃ ያህል ካቆየ በኋላ ሁለቱንም በመካከለኛው ይክተት። ቀኙ በረደ፥ ግራው ሞቀ ይላል፤ ውሃው ግን አንድ ነው። ሁለት ምስክሮች ስለ አንድ ነገር እንዲህ ሲጣሉ ሕፃናት እጅግ ይደነቃሉ፤ ቴርሞሜትር ለምን እንደ ተሠራም ያን ጊዜ ያለ ብዙ ቃል ይገባቸዋል።

ስለዚህ ጌኮ የሚያኖር ሰው ሁለት ቴርሞሜትር ይያዝ፤ አንዱ በሙቁ አንዱ በቀዝቃዛው ጫፍ ሆኖ፥ መለኪያው ሆዱ በሚያርፍበት ወለል ላይ ይቀመጥ። በመስተዋቱ ላይ ከፍ ብሎ የተለጠፈ የአየሩን ሙቀት ይናገራል እንጂ የወለሉን አይናገርም። ማሞቂያውም ቴርሞስታት ከሚባለው፥ ሙቀቱ ልኩን ሲያልፍ ኤሌክትሪኩን ከሚቀንስ ወይም ከሚዘጋ መሣሪያ ጋራ ካልተያያዘ አይታመንም። በውስጡ ኤሌክትሪክ ያለበት ሰው ሠራሽ ድንጋይ በገበያ ይሸጣል፤ እርሱ ብዙ ጌኮ አቃጥሏልና ባይገዛ ይሻላል። የመስተዋት ሣጥን በፀሐይ አጠገብ ማኖርም ከሁሉ የከፋ ነው። ብርሃኑ ገብቶ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ በጥቂት ጊዜም እንስሳውን ይገድላል።

መሣሪያው ቢበላሽ እንስሳው ራሱ ይናገራል። ዘወትር በቀዝቃዛው ጫፍ ቢወሸቅ ወይም አፉን ከፍቶ ቢያለከልክ ሙቀቱ በዝቷል። ከሙቁ ቦታ ባይነሣ፥ መብልም እንቢ ቢል ጐድሎበታል። ኤሌክትሪክ ጠፍቶ ሣጥኑ ቢቀዘቅዝ ጌኮው አንድ ሌሊት ይታገሣል፤ ነገር ግን እስኪሞቅ ድረስ አይመገብ፥ የበላው በሆዱ ሳይፈጭ ይበላሻልና።

የሙቀት ነገር ከመወለድም በፊት ይጀምራል። እናቲቱ ሁለት ሁለት ዕንቁላል ጥላ በእርጥብ አፈር ትቀብራለች፤ አትታቀፍም። ዕንቁላሉ በ26 ዲግሪ ቢቆይ የሚፈለፈሉት ሴቶች ናቸው ማለት ይቻላል፤ በ32 ተኩል አብዛኞቹ ወንዶች ይሆናሉ፤ ወደ 34 ቢወጣ እንደ ገና ሴቶች ይበዛሉ። በዶሮ ዘንድ እንዲህ ያለ ነገር የለም።

ግድግዳው ላይ ጌኮ በሚታይበት በቆላ አገር ያለ መምህር እንስሳውን ሳይዝ ትምህርቱን ሊቀጥል ይችላል። ተማሪዎቹ ለአንድ ሳምንት በማለዳ፥ በቀትርና በምሽት የግድግዳውን ሙቀት በቴርሞሜትር ለክተው፥ ጌኮው በዚያ ሰዓት በየትኛው ስንጥቅ ወይም በየትኛው ጥግ እንደ ተገኘ ከቍጥሩ አጠገብ ይጻፉ።