ሉፐስ ያለባት እኅት ስታረግዝ

ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት
ለንባብ፦ ማርቆስ 5፥25-34

በዚህ ክፍል የምናገኛት ሴት 12 ዓመት ታማ ገንዘቧን ጨርሳለች። ሰው ሁሉ ሲርቃት ጌታ ግን እንደ ልጁ ተቀበላት። እኛስ ለዓመታት የምትታመመዋን እኅት እንዴት እንቀበላታለን?

1. በሽታው ምንድር ነው?
ሉፐስ በሽታን የሚከላከለው የሰውነት ኃይል ተሳስቶ የገዛ አካሉን ሲወጋ የሚመጣ ሕመም ነው። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ደምንና ኩላሊትን ይጐዳል። ከ10 ሕሙማን 9ኙ ያህል ሴቶች ናቸው። ፀሐይ ያባብሰዋል፤ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ባላት በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ደጋ ደግሞ ጨረሩ ይበረታል። ስለዚህ በጉንጭና በአፍንጫ ላይ የሚወጣው ቅላት «ምች ነው» ተብሎ በዳማ ከሴ ሊታለፍ ይችላል። ቅላቱ ከተመላለሰ፣ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ከተጨመረበት ሐኪም ይየው። ሉፐስ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም።

2. መውለድ ትችላለችን?
አዎን፤ ብዙዎች ወልደዋል። ነገር ግን ጊዜው ይመረጣል። ሕመሙ ቢያንስ ለ6 ወር ጋብ ካለና ኩላሊቷ ከተመረመረ በኋላ ብታረግዝ አደጋው ይቀንሳል። እንደ ሜቶትሬክሴት ያለው መድኃኒት ፅንስን ስለሚጐዳ አስቀድሞ በሐኪም ይለወጣል።

3. መድኃኒቷን ትተው?
በራሷ ፈቃድ ከቶ አትተው። ለሉፐስ የሚሰጠው ሀይድሮክሲክሎሮኩዊን የወባው መድኃኒት የክሎሮኩዊን ዘመድ ነው፤ በእርግዝና ጊዜም እንዲቀጥል ይመከራል። ቢቋረጥ ሕመሙ ሊነሣ፣ እናትንም ፅንስንም ሊያሰጋ ይችላል። «እምነት ካለሽ ተዪው» የሚል ምክር ከመካከላችን ይራቅ። የሚጸልይላት ወንድም ኪኒኗን እንድትውጥም ያሳስባት።

4. የእኛ ድርሻ
የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ እርግዝናውን ቶሎ ትወቅ። በጤና ጣቢያ የደም ግፊቷና ሽንቷ በየጊዜው ይመርመር፤ ክትትሏና ወሊዷ ግን በሆስፒታል ይሁን። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ደም መፍሰስ ከታየ ሌሊትም ቢሆን አይቈይ። የመጓጓዣ ገንዘብ አስቀድሞ ይዋጣ፤ ውሃ የሚቀዳላት፣ በቀትር ፀሐይ ከእርሻ የሚያሳርፋት ሰውም ይመደብ።

ለውይይት
ሀ. በአጥቢያችን ለዓመታት የታመመች እኅት አለችን? ማን ጠየቃት?
ለ. ባልና አማት በዚህ ነገር ምን ሊረዱ ይገባል?
ሐ. በሌሊት ሆስፒታል መድረስ ቢያስፈልግ ማን ይነሣል?