ኮምፒውተራችን የሚችለውን ዴስክቶፕ እንምረጥ

በዛሬው የአይሲቲ ዓምዳችን ስለ ሊኑክስ ዴስክቶፕ አመራረጥና አጫጫን እንማማራለን። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። ኮምፒውተሩ እስኪከፈት ብቻ 10 ደቂቃ ከፈጀ፣ አንዱን ለአራት ለሚጋሩ ተማሪዎች ምን ይተርፋል? ስለዚህ ጉዳዩ ሁላችንንም ይመለከታል።

ሊኑክስ ምንድን ነው?
ሊኑክስን እ.ኤ.አ. በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ ነው። ያኔ ዕድሜው 21 ነበር። ኮዱ ክፍት ስለሆነ ማንም ሰው ሊያየው፣ ሊያሻሽለውና ለጓደኛው ሊያካፍለው ይችላል። ዴቢያንና ኡቡንቱ በሊኑክስ ላይ የተሠሩ ናቸው። ሁለቱንም በነፃ መጫን ይቻላል።

ዴስክቶፕስ?
ኮምፒውተሩ ሲከፈት የምናያቸው መስኮቶች፣ ሜኑውና የፎልደር ምልክቶቹ ናቸው። በሊኑክስ ላይ ብዙ ዓይነት ስላለ መራጮቹ እኛው ነን። ከታወቁት መካከል፦
1. ግኖም፦ ያማረ ነው፤ ግን ብዙ ሚሞሪ ይበላል።
2. ኬዲኢ ፕላዝማ፦ ዊንዶውስ ለለመደ ሰው አይከብድም። መልኩን እንደፈለግን መቀያየር ይቻላል።
3. ኤክስኤፍሲኢ፦ አርማው አይጥ ናት። ቀላል ስለሆነ ለአሮጌ ኮምፒውተር ይስማማል።
4. ኤልኤክስኪውቲ፦ ይህም ቀላልና ትንሽ ሚሞሪ የሚበቃው ነው።

እሺ፣ የቱን እንምረጥ?
አህያ ላይ ስንጭን መጀመሪያ አቅሟን እናያለን። ኮምፒውተር ላይ ስንጭንም እንደዚያው ነው። አቅሙን የሚነግረን ራም የሚባለው ሚሞሪ ነው። ዴስክቶፑ ከራሙ ላይ ድርሻውን ይወስዳል፤ የተረፈው ለመጻፊያውና ለብሮውዘሩ ይሆናል። ራሙ ሲሞላ ኮምፒውተሩ ሃርድ ዲስኩን እንደ ሚሞሪ መጠቀም ይጀምራል። ሃርድ ዲስክ ደግሞ ከራም በጣም የዘገየ ስለሆነ ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል፣ ሃንግም ያደርጋል።

ስለዚህ ራሙ 2 ጊጋባይት ከሆነ ኤልኤክስኪውቲ ወይም ኤክስኤፍሲኢ ይሻላል። 4 ጊጋባይት ላይ ኤክስኤፍሲኢ ደህና ይሠራል። 8 ከሆነ የወደድነውን እንምረጥ። ነገር ግን ብሮውዘር ላይ ብዙ ገጽ ከከፈትን ቀላል ዴስክቶፕም አያድነንም!

አጫጫኑ (በዴቢያን)
1. መምህር ሳይፈቅዱና አጠገባችን ሳይኖሩ አንጀምርም። ስንጭን ዲስኩ ላይ ያለው ሊጠፋ ስለሚችል ፋይሎቻችንን ቀድመን በፍላሽ እናስቀምጣለን።
2. ዴቢያንን በሌላ ፍላሽ እናዘጋጃለን። ስናዘጋጀው ፍላሹ ላይ የነበረው ስለሚጠፋ ፋይል ያስቀመጥንበትን ፍላሽ እንዳንጠቀም!
3. ኮምፒውተሩን በዚህ ፍላሽ አስነሥተን ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እንመልሳለን።
4. ወደ መጨረሻው የዴስክቶፖች ዝርዝር ይመጣል። ግኖም ፊት ያለውን ምልክት በስፔስ ቁልፍ አንሥተን ኤክስኤፍሲኢ ላይ እናደርጋለን። ሳናይ ካለፍነው ከባዱ ግኖም ይጫናል።
5. ሲጨርስ ፍላሹን ነቅለን እንደገና እናስነሣዋለን።

ሊኑክስ ቀድሞ ያለበት ኮምፒውተር ከሆነ ሁሉንም እንደ አዲስ መጫን አያስፈልግም። ሁለተኛ ዴስክቶፕ ጨምሮ የይለፍ ቃል በምንጽፍበት ገጽ ላይ አንዱን መምረጥ ይቻላል። የጻፍናቸው ፋይሎች በፎልደራችን ውስጥ እንዳሉ ይቆያሉ፤ የተቀየረው የምናይበት ገጽታ ነው።

እስቲ ራሳችሁን ፈትኑ
ሀ. 2 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ላይ ግኖም ቢጫን ለምን ይንቀራፈፋል?
ለ. ዴስክቶፕ ስንጨምር ፋይላችን ለምን አይጠፋም?

ውድ አንባቢያን፣ አንድን ኮምፒውተር “አርጅቷል፣ ወደ መጋዘን ይግባ” ከማለታችን በፊት የተጫነበት ነገር ከአቅሙ በላይ እንዳይሆን እንይ። ቸር እንሰንብት!

ከሚኒ ሚዲያ ክበብ