“ተቀበል” የሚባልበትና የማይባልበት ዳስ፦ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በአካባቢው ገጠር የሰርግ ሙዚቃ ምርጫ

ስለ ኢትዮጵያ የሰርግ ዘፈን የሚጻፉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ ግጥሙን ሰብስበው፣ በይዘት ከፍለው፣ የውዳሴ፣ የስንብትና የሽሙጥ ብለው ይመድባሉ። አሠራሩ ጠቃሚ ነው፤ ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ሳይነካ ያልፋል። ይኸውም በሰርጉ ቀን ምን እንደሚዘፈን የሚወስነው ማን ነው የሚለው ነው። በምዕራብ ጎጃም፣ በተለይም ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ በሚገኙት በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ እንዲሁም በዙሪያቸው ባለው ገጠር፣ ይህ ጥያቄ ባለፉት አሥርት ዓመታት መልሱን ቀይሯል። በገጠሩ ልማድ የሚመረጠው ሰው ነበር፤ በከተማው ግን የሚመረጠው ዘፈን ሆኗል። ልዩነቱ ቀላል ቢመስልም የሰርጉን ትርጉም የሚነካ ነው።

የገጠሩን ሰርግ ለሚያስብ ሰው “የሙዚቃ ምርጫ” የሚለው ሐረግ ራሱ እንግዳ ይሆናል። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቀን ተቆርጦ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ ዳሱ ሲጣል ባለ ሰርጉ የሚያሳስበው የትኛው ዘፈን ይዘፈን የሚለው አይደለም። የሚያሳስበው የትኛዋ አክስት ከበሮውን ትያዝ፣ ልጃገረዶቹን ማን ያውጣላቸው፣ ከሚዜዎቹ መካከል ድምፅ ያለው አለ ወይ፣ አዝማሪስ ይገኛል ወይ የሚለው ነው። ሰዎቹ ከተገኙ ዘፈኑ ከእነርሱ ጋር ይመጣል። ሰርገኛው ደጃፍ ሲደርስ የሙሽሪት ወገን “አናስገባም” ብሎ በዘፈን መንገድ ይዘጋል፤ የሙሽራው ወገንም በዘፈን ይመልሳል። የሚያልፈው ተለምኖና ተመስግኖ፣ አንዳንዴም ተሰድቦ ነው። ሙሽሪት ከእናቷ ስትለይ ዜማው ይቀየራል። በመልሱና በቅልቅሉ ደግሞ ሁለቱ ወገኖች ቦታ ይለዋወጣሉ፤ ትናንት ደጃፍ የዘጋው ዛሬ እንግዳ ይሆናል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ዘፈኑ ጥያቄና መልስ ነው፤ የሚመልስ ወገን ከሌለ ዘፈኑ አይሟላም።

አዝማሪው በዚህ ሥርዓት ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። የሙዚቃ ተመራማሪው አሸናፊ ከበደ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ አዝማሪ ባሳተሙት መጣጥፍ አዝማሪን ባለቅኔና ሙዚቀኛ አድርገው ያቀረቡት ያለ ምክንያት አይደለም። በዳሱ ውስጥ ማሲንቆውን ይዞ ከእንግዳ ወደ እንግዳ ሲሻገር የሚያዜመው ሁሉ የራሱ ፈጠራ ብቻ አይደለም። አንድ እንግዳ እጁን አንሥቶ “ተቀበል!” ይለዋል፤ ስንኙን ይነግረዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ስንኙ ለሙሽራው አባት ምስጋና ሊሆን ይችላል። በሰምና ወርቅ ተሸፍኖ ከሦስት ዓመት በፊት በድንበር ለተጣላው ጎረቤት የተላከ ወቀሳም ሊሆን ይችላል። የቅኔ ትምህርት ሥር በሰደደበት በጎጃም፣ የዋሸራ ስም በቅኔ ቤቶች ሁሉ በሚጠራበት አገር፣ ወርቁን የሚይዝ ጆሮ በዳሱ ውስጥ አይታጣም። ስለዚህ የሰርጉ ሙዚቃ መራጭ ባለ ሰርጉ ብቻ ሳይሆን “ተቀበል” ለማለት የደፈረ እንግዳ ሁሉ ነው።

ታዲያ ይህ ሥርዓት በከተማው ለምን ተለወጠ? የተለመደው መልስ “ዘመናዊነት” የሚል ነው፤ ሆኖም ቃሉ ከሚያስረዳው የሚሸፍነው ይበዛል። ከመልሱ አንዱ ክፍል በቀን መቁጠሪያው ላይ ይገኛል። የጎጃም ገበሬ ሰርግ የሚደግሰው እህል ከአውድማ በገባበት በጥር ነው። ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ የነቢያት ጾም ስለሚያዝ የሰርጉ ወቅት ከጥምቀት በኋላ ይከፈታል፤ በዐቢይ ጾም መግቢያም ይዘጋል። ዐቢይ ጾም ደግሞ እንደ ዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል። ጾሙ እጅግ ቀድሞ በሚገባበት ዓመት ከጥምቀት በኋላ ለሰርግ የሚተርፉት እሑዶች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እጅግ ዘግይቶ በሚገባበት ዓመት ግን ስምንት ይሆናሉ። በሦስት እሑድ ውስጥ በአንድ አካባቢ ብዙ ሰርግ ሲከማች አንድ አዝማሪ በሁለት ዳስ ሊገኝ አይችልም። ከበሮ የምትይዘዋ አክስትም የሌላ ሰርግ ጠሪ አለባት። ሞንታርቦ ግን በኪራይ ይመጣል። ከትንሣኤ በኋላ ያለው የሚያዝያና የግንቦት ወቅት ጥድፊያውን በከፊል ያስታግሣል፤ ቢሆንም በገበሬው ዘንድ የጥርን ያህል የደረሰ እህል የሚገኝበት ጊዜ አይደለም።

ሁለተኛው ምክንያት ካሴት ነው። የጎጃምን ጭፈራ በካሴት ያሰራጩት እንደ ይሁኔ በላይና ሰማኸኝ በለው ያሉ ድምፃውያን፣ በሰርግ ዘፈኖቹም ስሙ የሚነሣው ታደሰ ዓለሙ፣ የሰርግ ዘፈን “የሚታወቅ” ነገር እንዲሆን አድርገዋል። አስቀድሞ አንድ ዘፈን በየቀበሌው በልዩ ልዩ ስንኝ ይዜም ነበር። ከካሴት በኋላ ግን አንዱ ቅጂ “ትክክለኛው” ሆነ፤ የአክስቲቱም ስንኝ ከእርሱ ጋር ይመዘን ጀመር። ነገሩ በጎጃም ብቻ የተከሠተ አይደለም። የቫግነርና የሜንደልሶን የሰርግ ሙዚቃዎች ዛሬ በዓለም ዙሪያ፣ በአዲስ አበባ አዳራሾችም ጭምር፣ እንደ ግዴታ የሚሰሙት እ.ኤ.አ. በ1858 በእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በተደረገ የአንዲት ልዕልት ሰርግ ላይ ከተሰሙ በኋላ ነው። የአንድ ቤተሰብ ምርጫ የሌላው ሁሉ ልማድ ሊሆን ይችላል።

በቅኝት ረገድ የደረሰው ለውጥ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ትኩረት የተሰጠው ነው። ከአራቱ የታወቁ ቅኝቶች፣ ማለትም ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ለኔ፣ ከሰርግ ጋር ተያይዞ የሚጠቀሰው የመጨረሻው ነው። አንቺ ሆዬ አምስቱ ድምፆቹ በእኩል ርቀት የተደረደሩ አይደሉም፤ በሁለት ቦታ በግማሽ ድምፅ ብቻ ይለያያሉ፤ ከዚህም በላይ ከመነሻው ድምፅ በላይ ሙሉ አምስተኛ የለውም። ማሲንቆ መጥሪያ የሌለው ባለ አንድ ጭራ መሣሪያ ስለሆነ ተጫዋቹ ጣቱን በፈለገው ስፍራ አሳርፎ እነዚህን ርቀቶች እንደ ጆሮው ያጠብባል፣ ያሰፋል። ሲንሲያ ኪምበርሊን እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ማሲንቆንና የቅኝትን ባሕርይ አብሮ የመረመረው በዚሁ ግንኙነት የተነሣ ነው። በከተማው ሰርግ የሚመጣው ኦርጋን ግን ድምፆቹ አስቀድመው በእኩል ርቀት የተቆረጡ ናቸው፤ አብሮት የሚሄደው ተዘጋጅቶ የተጫነ አጀብም በመነሻው ድምፅና በአምስተኛው ላይ የተመሠረተ ነው። አንቺ ሆዬን በዚህ አጀብ ላይ ማስቀመጥ የሚጋጭ ድምፅ ያወጣል። ትዝታን ማስቀመጥ ግን ቀላል ነው። እንግዲህ የኦርጋን ተጫዋች ጆሮው ቢያውቅም እንኳ መሣሪያው ወደ ትዝታ ይገፋዋል። ባለ ሰርጉ ሳያውቀው ኦርጋን በመረጠበት ሰዓት ቅኝትም መርጧል።

የቤተ ክርስቲያን ሥፍራ በዚህ ጉዳይ የተለየ ነው። በሥርዓተ ተክሊል የሚፈጸም ጋብቻ የራሱ ጸሎትና ዜማ ስላለው በቅጽረ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ የምርጫ ጥያቄ አይነሣም። ጥያቄው የሚነሣው ከቅጽሩ ሲወጡ ነው። ዲያቆናት በሚበዙበት በጎጃም ገጠር ወደ ቅስና የሚያስበው ሙሽራ በተክሊል ያገባል፤ ወገኖቹም ዳሱ ውስጥ ዘፈን ሳይሆን መዝሙር እንዲሰማ ይሻሉ። በከተማም የሰንበት ትምህርት ቤት አባላት ለባልደረባቸው ሰርግ ከበሮና ጸናጽል ይዘው ይመጣሉ። ልብ የሚባለው ነገር ከበሮው የሁለቱም ወገን መሆኑ ነው፤ የወረቡን ምት የሚይዘው እጅ የእስክስታውንም ያውቃል። በአንዳንድ ቤተሰብ ክርክሩ በመዝሙርና በዘፈን መካከል መስሎ ይጀመራል፤ ሲመረመር ግን በሙሽራው ወገንና በሙሽሪት ወገን መካከል፣ የበላይነት የማን ነው በሚል የሚደረግ ሆኖ ይገኛል።

ከሁሉ የከበደው ግን የጉሮ ወሸባዬ ጉዳይ ነው። በልማዱ ሚዜዎች የሙሽሪትን ድንግልና “ብር አምባር” በሚለው ዘይቤ የሚያበሥሩበት ዘፈን፣ ከዘመቻ የተመለሰ ጀግና የሚቀበሉ በሚመስል የድል ስሜት ይዜማል። ጭፈራው እጅግ የደመቀ ነው። የባህል ዘፈን ስብስቦችም “ተወዳጅ ቅርስ” ብለው ያልፉታል። ይህ አስተያየት ግን ዘፈኑ ያልተዘፈነላትን ሴት አይጠይቅም። ሚዜዎቹ ዝም ባሉበት ሌሊት ዝምታው ራሱ ፍርድ ነው፤ በዳሱ ያደረው ሁሉ ይሰማዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 ሴቶችን የሚጨቁኑ፣ በአካላቸው ወይም በአእምሯቸው ላይ ጉዳት የሚያስከትሉ ልማዶችን ይከለክላል። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 213/1992 የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። ያለ ዕድሜ ጋብቻ ለረጅም ዘመን በኖረበት አካባቢ፣ ጉሮ ወሸባዬ ይዜም የነበረው ብዙ ጊዜ ስለ ልጅ ነበር። ስለዚህ ዘፈኑን በመዝገብ ማቆየትና በዳስ ማዜም ሁለት የተለያዩ ተግባራት ናቸው። የመጀመሪያው የተመራማሪ ግዴታ ነው፤ ሁለተኛው ግን ማንም ከሙሽሪት ሳይጠይቅ ሊመርጠው የሚገባ አይደለም።

እዚህ ላይ ሞንታርቦው ያልታሰበ ውለታ እንደዋለ መካድ አይቻልም። ዘፈን አስቀድሞ በፍላሽ ተሞልቶ በሚመጣበት የከተማ ሰርግ ሙሽሪት ዝርዝሩን ልታየው፣ የማትፈልገውን ልታስወጣ ትችላለች። በገጠሩ ሥርዓት ይህ ሥልጣን አልነበራትም፤ ስለ እርሷ ይዘፈናል እንጂ እርሷ አትመርጥም። ስለዚህ ለውጡን እንደ ኪሳራ ብቻ የሚቆጥር ጥናት ከዳሱ ውስጥ የእንግዳውን እንጂ የሙሽሪትን ስፍራ አልቆመበትም። በሌላ በኩል ዲጄው ደጃፍ ላይ “አናስገባም” የሚለውን ዘፈን ሲያጫውት የሙሽሪት እህቶች አፋቸውን ዘግተው ያጨበጭባሉ፤ የሙሽራው ወገን የሚመልሰው ሰው ስለሌለ በቪዲዮ ቀራጩ ምልክት ብቻ ይገባል። የካሜራው ሰው የመግቢያውን ርዝመት ይወስናል። የስንብቱ ዜማም እናቲቱ ዕንባዋን ሳትጨርስ በቀጣዩ ዘፈን ይቆረጣል።

ሁለቱን ለማስታረቅ የሚቻልበት ስፍራ አለ፤ እርሱም የሰርጉ ቀን ሳይሆን የሽምግልናው ማግሥት፣ ወጪ የሚከፋፈልበት ጉባኤ ነው። በዚያ የበሬው፣ የእህሉና የድንኳኑ ነገር በዝርዝር ሲነሣ ሙዚቃው “ልጆቹ ያውቃሉ” ተብሎ ይታለፋል። በዚሁ ጉባኤ ላይ ግን ሦስት ነገሮች ቢቆረጡ ይበቃል፦ ሙሽሪት ያስወጣቻቸው ዘፈኖች፣ ከበሮ የምትይዘው ሴት ስም፣ ሞንታርቦውም የሚጠፋባቸው ሰዓቶች። የመጨረሻው ከድምፅ አከራዩ ጋር በሚደረገው ውል ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ ሰርገኛው ደጃፍ ሲደርስ አንድ ጊዜ፣ ሙሽሪት ከእናቷ ስትለይ ሌላ ጊዜ፣ ሽማግሌዎች ከበሉ በኋላም አዝማሪ ካለ ለአዝማሪው።