ከመኪናው ባትሪ ሌላ ባትሪ፦ በጋምቤላ የመስክ ሥራ ላይ ኃይል ስለማግኘት

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ መኪና ባትሪ ለመጻፍ ምን አነሳሳው የምትሉ አትጠፉም። እውነት ነው፣ ክፍል ውስጥ የምንማረው ስለ ዜና አጻጻፍ፣ ስለ ቃለ መጠይቅና ስለ ሙያ ሥነ ምግባር ነው። ነገር ግን መቅረጫው ከሞተ ቃለ መጠይቅ የለም፤ ስልኩ ከዘጋም ዜናው አይላክም። እኔ ያደግሁት ጋምቤላ ከተማ ነው። ከዚያ ተነስቶ ወደ ኢታንግ፣ ወደ ጂካዎ ወይም ወደ አቦቦ ገጠሮች የሚወጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሶኬት ላያይ ይችላል። ስለዚህ በዚህች አጭር ጽሑፍ በመስክ መኪና ላይ ሁለተኛ ባትሪ እንዴት እንደሚገጠምና እንዴት እንደሚሞላ የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ሃሳቡ ከየት መጣ?

በውጭው ዓለም መኪናቸውን ቤት አድርገው፣ አልጋና ማብሰያ ገጥመውለት የሚጓዙ ሰዎች አሉ። እነዚህ መኪናዎች ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ባትሪ አላቸው። አንዱ ሞተሩን ለማስነሳት ነው፤ ሌላው ለመብራት፣ ለማቀዝቀዣና ለመሳሰለው የቤት አገልግሎት ነው። በእኛ አገር እንዲህ ያለ መኪና ከአንዳንድ ቱሪስቶች በቀር ብዙም አይታይም። ጋምቤላ ውስጥ ለዚህ የሚቀርበው የመስክ መኪና ነው፣ በተለይ ሃርድ ቶፕ የምንለው ላንድ ክሩዘር። የደቡብ ሱዳን ጦርነት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2013 ከተነሳ በኋላ በርካታ ስደተኞች ወደ ክልሉ ገብተዋል። እንደ ኩሌና ጀዊ ወዳሉት መጠለያዎች የሚመላለሱ መኪናዎች የመገናኛ ሬዲዮ፣ ላፕቶፕና ድምፅ ማጉያ ተሸክመው ነው የሚውሉት። ይህ ሁሉ ኃይል የሚፈልግ ዕቃ ነው።

ባለፈው ክረምት የአንድ ድርጅት ቡድን በድምፅ ማጉያ ትምህርት ለመስጠት ወደ ኢታንግ አካባቢ ሲሄድ አብሬ ሄጄ ነበር። ማጉያውና ላፕቶፑ በኢንቨርተር አማካይነት በቀጥታ ከመኪናው ባትሪ ጋር ተያይዘዋል። ሞተሩ ጠፍቶ ሦስት ሰዓት ያህል ከተሠራ በኋላ ሾፌሩ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው «ጠቅ» ብሎ ዝም አለ። ጭቃ ላይ ያን የሚያህል መኪና መግፋት ምን እንደሆነ የገፋ ያውቀዋል። ሊመሽ ሲል ሌላ መኪና ደርሶ ባትሪ ለባትሪ አያይዞ አስነሳልን። በመንገዱ ላይ የታመመ ሰው ይዘን ቢሆን ኖሮስ?

ከተማ ስንመለስ አንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘንድ ሄጄ ጉዳዩን ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ መኪናው የሚነሳበትን ባትሪ አትንኩት። ሌላው ሁሉ ይደረስበታል» አሉኝ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የዚህች ምክር ማብራሪያ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ባትሪዎች ለምን ይለያያሉ?

የእርሳስና አሲድ ባትሪን ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው እ.ኤ.አ. በ1859 ነው፤ መሠረቱ እስከ ዛሬ ያው ነው። የማስነሻ ባትሪ በውስጡ ስስ የሆኑ ብዙ ሳህኖች ስላሉት ለጥቂት ሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር መስጠት ይችላል። ደጋግሞ ጥልቅ ድረስ መውረድን ግን አይችልም። ለአገልግሎት የሚውለው ባትሪ ሳህኖቹ ወፍራም ናቸው፤ ቀስ ብሎ ለብዙ ሰዓት ይሰጣል። እሱም ቢሆን ከግማሽ በታች ባይወርድ ዕድሜው ይረዝማል። ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል፤ 12.2 አካባቢ ሲደርስ ግማሽ ሆኗል ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንዳንድ ላንድ ክሩዘር ከመጀመሪያው ሁለት ባትሪ ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱም ግን ለማስነሻ ናቸው። ትላልቅ የጭነት መኪናዎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 24 ቮልት ስለሆኑ የ12 ቮልት ዕቃ ዝም ብሎ አይቀጠልባቸውም።

መጀመሪያ ሂሳቡ

ምን ያህል ባትሪ እንደሚያስፈልግ በግምት አይወሰንም። አንድ የመስክ ዘገባ ቡድን በቀን የሚፈጀውን እናስላ፦ 50 ዋት ላፕቶፕ ለ3 ሰዓት 150 ዋት ሰዓት፣ 60 ዋት ማጉያ ለ2 ሰዓት 120፣ 20 ዋት መብራት ለ3 ሰዓት 60፣ አራት ስልክ እያንዳንዱ 15 ሲሆን 60፣ የካሜራ ባትሪዎች 30። ድምሩ 420 ዋት ሰዓት ነው። ለ12 ሲካፈል 35 አምፔር ሰዓት ይሆናል። ኢንቨርተሩ የሚበላውን ስንጨምርበት 40 እንበለው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ግማሹ ማለትም 50 ብቻ ስለሚነካ ለአንድ ቀን ይበቃል።

ታዲያ 40ው በምን ይመለሳል? ከጋምቤላ እስከ ኢታንግ ያለው 50 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ አይበቃውም። የእርሳስ ባትሪ እስከ 80 በመቶ ቶሎ ይሞላና የቀረውን ቀስ እያለ በሰዓታት ነው የሚቀበለው። ለዚህ ነው ጣሪያ ላይ ሶላር መጨመር ጥሩ የሚሆነው። ባለ 100 ዋት ሶላር ጥሩ ፀሐይ ባለበት ቀን፣ በሙቀትና በሽቦ የሚባክነው ተቀንሶ፣ 30 አምፔር ሰዓት ያህል ሊመልስ ይችላል። በክረምት ደመና ግን ያን ያህል አትጠብቁ።

የሚለያየው ዕቃ

ዲናሞው ሁለቱን ባትሪ እንዲሞላ፣ ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ ሁለቱ እንዲለያዩ የሚያደርግ ዕቃ በመካከል ይገባል። ቀላሉ የእጅ ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ ሰው ይረሳዋል። የተሻለው ቮልቴጅ እያየ ራሱ የሚሠራ ሪሌ ነው፤ 13.3 ቮልት ገደማ ሲያይ ያገናኛል፣ 12.8 አካባቢ ሲወርድ ይቆርጣል። ከሁሉ የሚሻለው ከዲናሞው የሚመጣውን ተቀብሎ ለሁለተኛው ባትሪ በሚስማማ ቮልቴጅ የሚሰጥ የመኪና ውስጥ ቻርጀር ነው። ዲናሟቸው በኮምፒውተር ለሚታዘዝ አዳዲስ መኪናዎችና ለሊትየም ባትሪ ይኸኛው ያስፈልጋል።

አገጣጠሙ

1ኛ፣ ሞተሩን አጥፉ፤ የእጅ ሰዓትና ቀለበት አውልቁ፤ ከዋናው ባትሪ ኔጋቲቩን መጀመሪያ ፍቱ። 12 ቮልት ሰው አይገድልም፤ ቁልፍ ወድቆ ሁለቱን ጫፍ ካገናኘ ግን ብረቱ ይግላል፣ እጅም ያቃጥላል።

2ኛ፣ ሁለተኛውን ባትሪ ከሞተሩ ሙቀት አርቃችሁ በብረት ማሰሪያ እሰሩት። ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ውሃ የሚጨመርበት ዓይነት አይሁን፤ ሲሞላ የሚያወጣው ሃይድሮጅን ይፈነዳል።

3ኛ፣ ፖዘቲቩን ኬብል ዘርጉ። ከእያንዳንዱ ባትሪ በ20 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ፊውዝ ይግባ። በሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስላለ ፊውዙም ሁለት ነው። ኬብሉ ብረት በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ የጎማ ቀለበት አድርጉ፤ ናስትሮ መጠቅለል ብቻ በኮረኮንች መንገድ አያዛልቅም።

4ኛ፣ የኬብሉ ውፍረት ይታሰብ። 4 ሜትር ርቀት ሄዶ መመለሻው 8 ሜትር ነው። 30 አምፔር በ6 ሚሊ ሜትር ካሬ መዳብ ሲያልፍ 0.7 ቮልት ይጠፋል፤ በ16 ሚሊ ሜትር ካሬ ግን 0.26 ብቻ ነው። ከዲናሞው 14.2 ወጥቶ 13.5 ከደረሰ ባትሪው መቼም አይሞላም። ለዚህ ኬብል ባለ 40 አምፔር ፊውዝ ይስማማል።

5ኛ፣ ማሳው ቀለሙ ተፍቆ በነጣ ብረት ላይ ይጥበቅ። መብራቱ፣ ኢንቨርተሩና የስልክ ቻርጀሩ ሁሉ ከሁለተኛው ባትሪ ይነሱ፤ እያንዳንዱም የራሱ ፊውዝ ይኑረው።

6ኛ፣ በመጨረሻ የዋናውን ባትሪ ኔጋቲቭ መልሱ፤ ሞተሩን አስነስታችሁ በቴስተር ለኩ። በሪሌ ከሠራችሁና በሁለቱ ባትሪ መካከል ያለው ልዩነት ከ0.3 ቮልት ከበለጠ ኬብሉ ቀጥኗል፣ ወይም ማሳው አልያዘም።

የጋምቤላ ሙቀት

ከውጭ አገር መመሪያ ላይ እንዳለ መገልበጥ የማያዋጣው እዚህ ላይ ነው። ከተማችን ከባህር ወለል 500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። መመሪያዎቹ ግን የተጻፉት ለ25 ዲግሪ ነው። የእርሳስ ባትሪ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። መሙያ ቮልቴጁም ለእያንዳንዱ ዲግሪ በ0.02 ቮልት ያህል ዝቅ ማለት አለበት። በ25 ዲግሪ 14.4 የሚሞላው በ40 ዲግሪ 14.1 አካባቢ ይበቃዋል። አለበለዚያ ውሃው ይተናል፣ ባትሪውም ያብጣል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ያለው ቻርጀር ምረጡ፤ ሽቦውንም ባትሪው ላይ ለጥፉት።

ሊትየም ይሻላል የሚል አለ። እውነትም ቀላል ነው፣ ከአቅሙ 80 በመቶ ያህል ይሰጣል፣ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜም ይሞላል። ዋጋው ግን ከፍ ይላል፤ አብዛኛውን ጊዜም ከ45 ዲግሪ በላይ ሲግል መሞላት የለበትም። ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የዋለ መኪና ደግሞ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ጥላ ፈልጎ ማቆም እዚህ ላይ እንደ አንድ የሥራ መሣሪያ ይቆጠራል።

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ገመዱን ራሳችን እንዘርጋ እያልኩ አይደለም፤ ባለሙያ አለው። ነገር ግን ወደ መስክ ከመውጣታችን በፊት ሾፌሩን ሦስት ነገር መጠየቅ እንችላለን፦ ኢንቨርተሩ የተነሳው ከየትኛው ባትሪ ነው? ፊውዙ የት ነው? ዛሬ ጠዋት ስንት ቮልት አነበበ? ሾፌሩ መልስ ካጣ ካሜራችንን እዚያ ላይ አንሰካ። ክረምት ላይ መንገድ በሚቆረጥበት አገር የአንድ መኪና አለመነሳት የዘጋቢው ብቻ ጉዳት አይደለም፤ አብሮት የተሳፈረውም፣ መኪናውን የሚጠብቀው በሽተኛም ችግር ነው። መልካም የመስክ ጉዞ!