የዋሽንት አነፋፍ ለጀማሪ

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት እንደ ተዘጋ፣ እዚህ መቀሌ አብረውን የሚኖሩት አያቴ ከግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ዋሽንታቸውን አውርደው ሰጡኝ። በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ይነፉ ነበር። አሁን ግን የፊት ጥርሶቻቸው ስለ ወለቁ ትንፋሻቸው አልሰበሰብ ብሏቸዋል። ስለዚህ ያስተማሩኝ ነፍተው ሳይሆን ዜማውን እያንጎራጎሩ፣ የጣቱንም አጣጣል በበትራቸው ላይ እያሳዩ ነው። እኔ ካልተማርሁ የሚያውቋቸው ዜማዎች ከርሳቸው ጋር እንዳይቀሩ ሰጋሁ። የተማርሁትንም ለጓደኞቼ እንዲጠቅም እንደሚከተለው ጻፍሁ።

ስለ መሣሪያው፦ ዋሽንት ከሸምበቆ የሚሠራ፣ ሁለቱም ጫፎቹ ክፍት የሆኑ መሣሪያ ነው። በትግርኛ ሻምብቆ ይባላል። ብዙውን ጊዜ 4 የጣት ቀዳዳዎች አሉት። ሁሉም ሲደፈኑ አንድ፣ ከታች ጀምሮ በየተራ ሲከፈቱ ደግሞ 4፣ በጠቅላላው 5 ድምፅ ይሰጣል። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የተባሉት ቅኝቶቻችንም እያንዳንዳቸው በ5 ድምፅ የቆሙ ናቸው። በአገራችን በበዓል የሚነፋው እምቢልታ ግን የጣት ቀዳዳ ስለሌለው፣ 3 ነፊዎች እየተቀባበሉ ዜማውን ያሟላሉ። ዋሽንት ነፊ ይህን ሁሉ የሚሠራው ብቻውን ነው።

ስለ ትንፋሽ፦ በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት በሙሉ ኃይሌ ብነፋ፣ ከፉጨት በቀር ምንም አልወጣም፤ ራሴንም አዞረኝ። አያቴ ስቀው፣ «ልጄ፣ እሳት እያነደድህ አይደለም። ትኩስ ሻይ እንደምታቀዘቅዝ ንፋ» አሉኝ። ምክንያቱንም በኋላ ተረዳሁት። ቀጭኑ ትንፋሽ የዋሽንቱን አፍ ጠርዝ ሲመታ በውስጥ ያለው አየር ይርገበገባል፤ ድምፁም ከዚህ ይወለዳል። ስለዚህ ዋሽንቱን ጋደል አድርጎ ከንፈር ላይ ማስጠጋት፣ አፉንም ጨርሶ አለመድፈን ያስፈልጋል። ትንፋሹ ጠርዙን ከሳተ ጉልበት አይረዳም። ድምፁ ከተገኘ በኋላ ጠንከር ተደርጎ ሲነፋ ግን ያው ድምፅ ወደ ላይኛው እርከን ይዘላል።

ስለ ጣት፦ ቀዳዳው የሚደፈነው በጣት ጫፍ ሳይሆን ለስላሳ በሆነው ሆዱ ነው። ጥቂት አየር እንኳ ካመለጠ ድምፁ ይሰነጠቃል። ቀዳዳዎቹ ከታች ሲከፈቱ የሚርገበገበው አየር ስለሚያጥር ድምፁ ይቀጥናል። ጀማሪ ወደ ዜማ ከመቸኮሉ በፊት እያንዳንዱን ድምፅ በአንድ ትንፋሽ አርዝሞ መያዝን ይልመድ። እኔ በዚህ ብቻ 2 ሳምንት ቆይቻለሁ።

በክረምቱ መጨረሻ አንድ ማታ ያስተማሩኝን አጭር ዜማ እስከ መጨረሻው ነፋሁላቸው። አያቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር፤ ጣቶቻቸው ግን በበትራቸው ላይ ከእኔ ጋር ይነሡና ይወድቁ ነበር። ስጨርስም፣ «ሦስተኛዋ ጣትህ ቸኮለች፤ እንደገና» አሉኝ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ በየቤታችሁ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ዋሽንት ካለ፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳለ አውርዱትና ጠይቁት።