የሕልም ሰሌዳዬ ግድግዳ ላይ ብቻ ቀረ

ጥያቄ፦ የምኖረው እንጅባራ ነው። የልብስ ስፌት ሱቅ ለመክፈት አስቤ፣ ፎቶዎች ቆርጬ ካርቶን ላይ ለጥፌ ሰቅያለሁ። ዓመት ሞላው፤ ምንም የለም። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ሰሌዳሽን አታውርጂው፤ የጎደለውን ሙይበት። እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ የፋም እና የቴይለር ጥናት፣ ጥሩ ውጤት ማግኘታቸውን ብቻ በዓይነ ሕሊናቸው ከሳሉት ተማሪዎች ይልቅ፣ ሲያጠኑ ራሳቸውን የሳሉት በፈተና እንደተሻሉ አሳይቷል። ጎረቤትሽ የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬ ለከሰል የሚሆነውን የዲከረንስ ዛፍ ሲተክል የከሰሉን ገንዘብ ብቻ አያስብም፤ ችግኙን፣ አረሙን፣ እስኪደርስ የሚጠብቀውን አራት አምስት ዓመት ጭምር ያስባል። ያንቺ ሰሌዳ ላይ የሌለው ይህ መካከሉ ነው። ከሱቁ ፎቶ ሥር የስፌት መኪናውን ዋጋ፣ በየወሩ የምትቆጥቢውን ብር፣ የሚያግድሽንም ነገር ጻፊ። የመጀመሪያውን መስመር ዛሬ ማታ ጻፊው።